ቀላል ዝናብ ይጠበቃል

ሰኔ 3

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይህ ደብዳቤ ጤናዎ ሙሉ፣ ጉልበትዎ ብርቱ፣ አንደበትዎም እንደ ድሮው የተሳለ ሆኖ ይድረስዎ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራም አለ፣ ጤናም አለ፣ ብርድም አለ።

ስልክዎ ላይ ብደውል ብደውል አይነሳም። አንዳንዴ ጥሪ አይቀበልም ይለኛል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ዝም። የአባቴም እንደዚያው ነው። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳሁ።

ይቅርታ ያድርጉልኝና አንዳንድ ነገር ልጠይቅዎ። በእናንተ ሰፈር መብራት በብዛት ይጠፋል? ሲጠፋስ ቶሎ ይመለሳል ወይስ ያድራል? ከጎረቤት ጄኔሬተር ያለው ሰው ይኖር ይሆን? ዜና ላይ መኪና በጎርፍ ሲንሳፈፍ አየሁና ሐሳብ ገባኝ።

ስለ አባቴም ጥቂት ቢጽፉልኝ። እንደማትነጋገሩ አውቃለሁ። ግን እሱ ከላይ፣ እርስዎ ከታች ናችሁ፤ ኮቴው ይሰማዎታል። ይራመዳል? ይህንኑ ብቻ ቢነግሩኝ ይበቃኛል።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 19

ለባሕር ማዶዋ የወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ ስለ አንደበቴ ያልሽውንም እንደ ሙገሳ ቆጥሬዋለሁ። ላንቺ ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ፤ ለእኔም ከዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ አንድ ቀን አብልጦ ይስጠኝ።

ደብዳቤሽን ስከፍት ከመብራት መሥሪያ ቤት የተላከ መስሎኝ ነበር። ቶሎ ይመለሳል ወይስ ያድራል ትይኛለሽ። እነሱ እንኳ እንዲህ ብለው ጠይቀው አያውቁም። ከጠየቅሽ ልንገርሽ፤ ደመና ፊቱን ሲያጠቁር መብራቱ ቀድሞ ይሸሻል። ዝናቡ ገና ጠብ ሳይል! ነጎድጓድ ሰምቶ አልጋ ሥር የሚገባ ውሻ ነበረን፤ እሱ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ሲጠሩት ይወጣል። መብራቱ ሲመጣም ብልጭ ይልና አምፖል አቃጥሎ ይሄዳል። ስልኬን ቻርጅ የማስደርገው መድኃኒት ቤት ወስጄ ነው። ባለቤቱ የደም ግፊቱን ስለምለካለት ነው እንጂ በነጻማ ጥላውንም አያውስ። ስለዚህ ስልክ አይነሳም ብለሽ አትክሰሺኝ።

ጄኔሬተር ያለው ባለ ዳቦ ቤቱ ብቻ ነው። ግድግዳችን አንድ ነው። ሲያስነሳው የእኔ ሳህኖች መደርደሪያ ላይ ይጨፍራሉ። ጭሱ በእኔ መስኮት፣ ትርፉ በእሱ ኪስ። በመንገድ ሲያገኘኝ "ሲስተር እንደምን አደሩ?" ይለኛል። ጡረታ ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ፣ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ሲስተር ነው የሚለኝ፤ መርፌ የሚወጋቸው ስለሚፈልጉ ነው እንጂ ስለሚያከብሩኝ አይምሰልሽ።

አሁን ወደ ወንድሜ ተብዬው እንምጣ። ሠላሳ ዓመት በሬዲዮ እየቀረበ "ቀላል ዝናብ ይጠበቃል" ሲል ሕዝቡን በዝናብ ያስደበደበ ሰው! ሰፈሩ "ቀላል ዝናብ" ብሎ የሰየመው ወዶት አይደለም። ያን ወፍራም ድምፁን አምኖ ጃንጥላውን ቤት የተወ ሁሉ ረግሞታል። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "እኔ ያገባሁት ድምፁን ነው፤ ሰውየውን ኋላ ነው ያየሁት" ትለኝ ነበር።

አባታችን ሲሞት እኔ ምድሩን ወረስኩ፣ እሱ ሰማዩን። ፎቅ ሠራ፣ ባለ ሰገነት ሆነ፣ የጣራውን አሸንዳ ግን በእኔ በር ላይ አስተፋው። ቱቦውን ወደ መንገዱ አዙረው ስለው፣ ከላይ ቆሞ በዚያው በሬዲዮ ድምፁ "ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው" አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ውሃው ይወርዳል፣ ቃል ግን አልወረደም፣ አልወጣምም።

ኮቴውን ጠየቅሽኝ። ድሮ ጣሪያዬ ላይ እንደ ሰልፈኛ ይመላለስ ነበር። አሁን ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ ዝም። ስንፍና ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደግሞ ቀንና ሌሊት "እምምም" የሚል ድምፅ አለ። ትልቅ ፍሪጅ ሳይገዛ አልቀረም። ለአንድ ሰው! ምን ሊያስቀምጥበት ነው? ኩራቱ እንዳይሸትበት ይሆናል።

አክስትሽ


ሐምሌ 2

ለተከበሩ አክስቴ፣

ከጎርፍም፣ ከመብረቅም፣ ከባለ ዳቦ ቤቱ ጭስም ይሰውርዎ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ቦታ ቀየረች።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ አያውቁም። መብራት የሚያከፋፍል ኩባንያ ውስጥ ስልክ እቀበላለሁ። እዚህም ዝናብ አለ፣ እዚህም ይጠፋል፤ አንድ ሲኒ ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ግን ይመለሳል። ያቺን ታህል ጊዜ የሚታገስ ሰው የለም። ትናንት አንዱ ዓሦቼ ታፈኑ ብሎ ጮኸብኝ። ሌላዋ ጸጉሯን ግማሹን አድርቃ ግማሹ ቀርቶባት ነበር፤ እያለቀሰች! ለሁሉም የምለው አንድ ነው፦ "ለደረሰብዎ መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።" ከልብ የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው ቢያውቁ ልብ የሚባል ነገር ይቀፍዎታል። አለቃዬ ድምፄን ይወደዋል። ከአባቴ የወረስኩት እሱን ብቻ ነው፤ እሱንም ለዓሣ ባለቤት አከራየሁት።

አክስቴ፣ ያ "እምምም" የሚለው ድምፅ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል? ያኔ አባቴ ምን ሲያደርግ ይሰማዎታል? ይነሳል? ይቀመጣል? እባክዎ አንድ ቀን ደረጃውን ወጥተው በሩን ያንኳኩልኝ። እርስዎ በዐይንዎ ቢያዩት ይገባዎታል።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ


ሐምሌ 14

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ደረቅ አልጋም ይስጥሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ረጥቦ ነው። ፖስተኛው በር ላይ ቆሞ ጨመቀልኝ ብልሽ አታምኚኝም።

እዚህ ዝናብ ዘነበ አይባልም፣ ተደፋ ነው የሚባለው። መንገዳችን ወንዝ ሆኗል። ማዘጋጃ ቤቱ የፍሳሽ መውረጃውን አምና ቆፈረ፣ ዘንድሮ ደፈነ፣ ለከርሞ ሊቆፍር ነው። የሰፈሩ ኮሚቴ ስብሰባ ጠርቶን ሄድን። ሊቀ መንበሩ ክራቫት አስሮ "ጉዳዩን በትኩረት እየተከታተልነው ነው" ሲል፣ እኔ ተነስቼ "ጎርፉም እርስዎን በትኩረት እየተከታተለዎት ነው፤ እስቲ ጫማዎን ይዩ" አልኩት። ውሃው በበሩ ሥር ገብቶ ቁርጭምጭሚቱ ደርሶ ነበር። ስብሰባው በዚያው ተበተነ። ከእሱ ስብሰባዎች ሁሉ ፍሬ ያፈራው ያ ብቻ ነው።

ውጪና አንኳኪ ትይኛለሽ። አልወጣም። ሰማዩን የወሰደ እሱ ነው፣ እሱ ይውረድ። ነርስ ለሚጠራት ነው የምትሄደው፤ ላልጠራት ከሄደች ነገረኛ ትባላለች።

የጠየቅሽኝን ግን ሳልወድ በግዴ እሰማዋለሁ፤ ጣሪያ ጆሮ አይዘጋ። አዎ፣ መብራት ሲጠፋ ድምፁ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ሌላ ምንም የለም። ይስላልም። ትራስ አፉ ላይ ይዞ ነው የሚስለው፤ እኔ እንዳልሰማው መሆኑ ነው! "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ይባላል፤ እሱ ሁለቱንም ይዞ ተቀምጧል።

አንቺስ ምን ይዘሽ ነው? ስለ መብራት ስትጠይቂኝ ይኸው ሁለተኛሽ ነው። ዕድሜዬን በሽተኛ ሳዳምጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሆዱን እያመመው ጥርሴን ነው የሚል ሰው አውቃለሁ። ወይ እውነቱን ጻፊ፣ ወይ ስለ ዓሦቹ ጻፊልኝ፤ እነሱ ይሻሉኛል።

አክስትሽ


ሐምሌ 24

አክስቴ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩልኝ።

ፍሪጅ አይደለም። የአባቴ ሳንባ አልቋል። ያ ድምፅ ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጠራ ማሽን ነው፤ በመብራት ይሠራል፣ ኦክስጅኑን በቱቦ ወደ አፍንጫው ይልካል። ሐኪሙ ያለሱ ብዙ እንዳይቆይ ነግሮታል። ገዝቼ የላክሁለት እኔ ነኝ። ለክፉ ቀን ብዬ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደርም አስገዝቼለት ነበር፤ ሲያልቅ ማስሞላት አለበት። ያስሞላው ይሁን አይሁን አላውቅም።

እርስዎ እንዳይሰሙ አስምሎኛል። "ለዚያች ሴት ከነገርሽ ማሽኑን በመስኮት እወረውረዋለሁ" አለኝ። ያደርገዋል ብዬ ስለፈራሁ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ዝም በማለቴ ፈራሁ። በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ። እባክዎ ይውጡ።

የወንድምዎ ልጅ


ሐምሌ 25

ለወንድሜ ልጅ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከላይ፣ ከሰማዩ ቤት ሆኜ ነው። አባትሽ በሕይወት አለ። ይኸው፣ ሰላምታዬም ምርቃቴም እሱ ነው፤ ለሌላው ጉልበት የለኝም።

ትናንት ከምሳ በኋላ ቀኑ በጠራራው ጨለመ። ዝናቡ ሲወርድ እንደ ጠጠር ነበር። መብራቱ እንደ ልማዱ ቀድሞ ሄደ፣ ከላይ "እምምም" የሚለውም ተከትሎት ሄደ። እኔ ምንጣፍ እያጠቀለልኩ በር ሥር እጠቀጥቃለሁ፤ ውሃው ከበሩ ሥር ሲከለከል በመጸዳጃ ቤቱ በኩል ገባ። ወንበሮቹን አልጋ ላይ እየጫንኩ ሳለ ጣሪያዬ ተደበደበ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ደሜ ፈላ። ጎርፍ እየገባብኝ ጭራሽ ድምፅ አሰማሽ ብሎ ሊቆጣኝ! "ምን ትደበድባለህ፣ አንተ የተረገምክ!" ብዬ ጮህኩ። በዘጠኝ ዓመት የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል እሱ ሆነ።

ድብደባው ቀጠለ፣ ግን ላላ። ኳ... ኳ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ። ይህን የመሰለ አወራረድ አውቀዋለሁ፤ በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰምቼዋለሁ። ምንጣፉን ጥዬ በውጭው ደረጃ ወጣሁ። ውሃው ከላይ ይገፋኛል፣ እኔ እገፋዋለሁ።

በሩ አልተቆለፈም። ወለሉ ላይ ነበር፤ ቱቦው አፍንጫው ላይ፣ ጫማው በእጁ። ከንፈሩ ቀለም እንደፈሰሰበት ነበር። ያን ጊዜ ፍሪጁን አየሁት። እንደኔ ያለች ሞኝ! አጠገቡ የቆመውን ሲሊንደር ብከፍተው ትንፍሽ አላለም፤ ባዶ ነው። ላስቀምጠው ብብቱን ስይዝ "አ... ትንኪኝ" አለኝ።

"ዝም በል፤ ለስድብ የሚበቃ አየር የለህም" አልኩት።

ጠረጴዛው ላይ በክንዱ አስደግፌ ወደ ፊት አጎንብሼ አስቀመጥኩት። "በአፍንጫህ አስገባ፣ በከንፈርህ ቀስ ብለህ አውጣ፣ ሻማ እንደምታጠፋ" ብዬ ወደ ዳቦ ቤቱ ሮጥኩ። እኔ ሮጥኩ! ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ።

ባለ ዳቦ ቤቱ ጄኔሬተሩን ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ሰቅሎ ሊጥ ያቦካል። ሰው እየታፈነ ነው፣ መስመር ስጠኝ አልኩት።

"ሲስተር፣ ጄኔሬተሩ ማቡኪያውን ብቻ ነው የሚችለው።"

"እንግዲያው ማቡኪያውን አጥፋዋ!"

"ሊጡ ይበላሽብኛል። ነገ ሕዝቡ ምን ይበላል?"

"አንተን!"

"ደግሞ ለማን ነው? ለቀላል ዝናብ? እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ የማያናግሩት?" አለኝ እየሳቀ።

እንዴት እንደናቅሁት ልነግርሽ አልችልም። ያ ሳቁ እስከ አሁን ጆሮዬ ውስጥ እንደ ዝንብ አለ። የባሰኝ ደግሞ እውነቱን መናገሩ ነው። ለመምታት እጄን ሳነሳ ሚስቱ ከኋላው መጥታ የማቡኪያውን ሶኬት ነቀለችው። ገመዱን ከግድግዳ አውርዳ አስታቅፋኝ "ሂድና አግዛቸው" አለችው። ሄደ። እሱ የሚፈራው ሰው አለ ለካ።

ገመዱን መጥረጊያ እንጨት ላይ አስረን ከዳቦ ቤቱ የኋላ መስኮት ወደ ሰገነቱ አቀበልን። ውሃ እንዳይነካው መጋጠሚያውን በላስቲክ ጠቀለልኩት። ማሽኑ "እምምም" አለ። በሕይወቴ ከአባትሽ ቤት የሰማሁት ጥሩ ድምፅ እሱ ብቻ ነው።

ቆይቶ ከንፈሩ ወደ ከንፈርነት ሲመለስ ዐይኑን ገለጠ። ምን ያለኝ ይመስልሻል? አመሰገነኝ? "ቤትሽ ገባ እንዴ ውሃው?" አለ። አዎ አልኩት። ትንሽ ተነፈሰና "ያ... ጎርፍ ነው፤ አሸንዳው አይደለም" አለኝ። እጄን ወደ ሶኬቱ ዘርግቼ ነበር፤ አንቺን አስቤ መለስኩት።

አዎ፣ አንቺን። ማሽኑ ላይ የባሕር ማዶ ጽሑፍ ተለጥፎበታል፤ እንዳትነግሪኝ እንዳስማለሽም ከራሱ አፍ አውጥቻለሁ። ከታች የምትኖር ነርስ እያለችሽ፣ ኮቴ ቆጥሪልኝ እያልሽ ወራት አሳለፍሽ። አንዲት መስመር "ታሟል" ብትዪኝ ኖሮ ሲሊንደሩ በኔ እጅ በተሞላ ነበር። እሱ በኩራቱ፣ አንቺ በመሐላሽ፣ ሁለታችሁም አባትና ልጅ ናችሁ፤ ጥርጥር የለውም። ማሽን ላክሽ፣ አፍ አልላክሽም።

አልጋዬ ውሃ ጠጥቷል። ከታች ያለው ሁሉ ጭቃ ነው። ስለዚህ እዚሁ ነኝ።

አክስትሽ


ነሐሴ 9

ለተከበሩ አክስቴ፣

የመረቁኝን ያህል የሰደቡኝም ይገባኛል፤ ዕድሜ ይስጥዎ። የእኔ ደብዳቤ መንገድ ላይ እያለ የእርስዎ ቀደመው። ለፈጣን ፖስታ የከፈልኩት ለስሙ ነው።

በዚያ ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እዚህም ዝናብ ጥሎ ስለነበር ስልኩ አላረፈም። አባቴ ጫማውን ወለሉ ላይ ሲመታ እኔ ማቀዝቀዣው ውስጥ አይስክሬም ለቀለጠበት ሰው ከልብ ይቅርታ እየጠየቅሁ ነበር። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት አለቃዬን ፈቃድ ብጠይቀው "በዝናብ ወቅት?" አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። የናቅሁት እሱን አይደለም።

እዚህ ሆኜ አስቤበታለሁ። በእናንተ ከተማ ጄኔሬተር ያለው ንጹሕ መጦሪያ አይጠፋም። አባቴን እዚያ ብናስገባውስ? እርስዎም ይገላገላሉ።

አንድ ነገር ልንገርዎ። እናቴ የሞተች ቀን ማታ አባቴ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ የአየር ትንበያ አነበበ። እኔ ወጥ ቤት ተቀምጬ ሰማሁት። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። "ነገ ሰማዩ ጥርት ያለ ይሆናል" አለ። እኔ ከአገር የወጣሁት ከዚያ ድምፅ ለመሸሽ ነው። ማሽኑን ስልክለትም ያልኩት "ይኸው ተንፍስ፣ ከኔ ሌላ አትጠብቅ" ነው።

ስለ እኔ ያነሳል?

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ


ነሐሴ 22

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ፣ ለአለቃሽ ደግሞ ልብ ይስጠው፤ ከሁለቱ የኋለኛው ይከብዳል።

እዚህ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ክፍል ውስጥ እንደ ሁለት ድመት ተፋጠናል። እሱ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በበሩ። ሲሊንደሩን አስሞልቼ ከአልጋው ራስጌ አቁሜዋለሁ፤ "እንደ ዘበኛ ያየኛል" ይላል። ባለ ዳቦ ቤቱ ገመዱን አልነቀለውም። ሚስቱ ከለከለችው። እሱ ግን በሰፈሩ እየዞረ "ነፍስ አዳንኩ" ይላል! ሊቀ መንበሩም በስብሰባ አመሰገነው። ሁለቱን አንድ ጆንያ ውስጥ ከትተሽ ብትመቺ የሚያመው ጆንያው ነው።

መጦሪያውን ነገርኩት። ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉን ሲጨርስ "እሷ ራሷ ትግባበት" አለ። እኔም ለአንድ ጊዜ ከእሱ ጋር ተስማማሁ። ልገላገል ብዬ ማን ነገረሽ? የምንቀው ሰው አጠገቤ ሲኖር ደስ ይለኛል። ከሩቅ መናቅ አድካሚ ነው።

እናትሽ የሞተችበትን ቀን ጻፍሽልኝ። እኔም በእሱ ነው የናቅሁት፤ አሸንዳው ኋላ የመጣ ነው። ትናንት ጠየቅሁት። "ያን ቀን ለምን አነበብክ?" አልኩት።

"ቤት ብመጣ ማን ይጠብቀኝ ነበር?" አለ።

"ልጅህ" አልኩት።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አየር አጥቶ እንዳይመስልሽ፤ ማሽኑ እየሠራ ነበር።

ስለ እኔ ያነሳል ወይ ላልሽው፣ ስምሽን አይጠራም። ግን ማለዳ ማለዳ ትንሿን ሬዲዮ ጆሮው ላይ ደግኖ የባሕር ማዶ ጣቢያ ይፈልጋል። መጀመሪያ ዜና መስሎኝ ነበር። አንቺ ያለሽበትን ከተማ የአየር ትንበያ ነው የሚሰማው። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው "ዛሬ እዚያ ነፋስ አለ" ይላል፤ ወይም "ካፖርት ያስፈልጋታል።" አንቺ ከወጣሽ ጀምሮ እንዲህ ሲያደርግ እንደኖረ ጎረቤት ነው የነገረኝ። እኔ ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚለት አይደለም። ካፖርቱን ራሱ ገዝቶ መላክ ይችል ነበር። ሰነፍ ነው ብያለሁ።

አክስትሽ


ነሐሴ 29

ለተከበሩ አክስቴ፣

ደህና ይሁኑልኝ፣ ሁለታችሁም።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ አነበብኩት። ስልኩ ይጠራል፣ አላነሳሁም። አለቃዬ መጥቶ ራሴ ላይ ቆመ። "ጥቅምት ሲጠባ አባቴን ለማየት እሄዳለሁ፤ ከፈቀድክ ፈቃድ ይሁን፣ ካልፈቀድክ ስንብት ይሁን" አልኩት። ይቅርታ ሳልጠይቅ ያናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ፈቃድ ሆነ። ትኬት ቆርጫለሁ።

ለአባቴ ይህን ይንገሩልኝ፦ ዛሬ እዚህ ነፋስ የለም። ካፖርትም አለኝ።

የወንድምዎ ልጅ


መስከረም 11

ለወንድሜ ልጅ፣

እግዜር ያጽናሽ። ስልኩ ሦስት ቃል አስብሎኝ ተቆረጠ፤ ቀሪውን ልጻፍልሽ። እንደዚያ አድርጌ ስላረዳሁሽ አትቀየሚኝ፤ ሌላ ሰው ቢነግርሽ አሳምሮ ይነግርሽ ነበርና እኔ ልቅደም ብዬ ነው።

ደብዳቤሽን አንብቤለት ነበር። ነፋስ የለም ያልሽውን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ "ተሳስታለች። የዚያን ቀን ነፋስ ነበር፣ እኔ ሰምቻለሁ" አለ። መምጣትሽን ስነግረው ምላጭ አምጪልኝ አለ። ጺሙን ላጨሁት። ገና ጥቅምት ሩቅ ነው ስለው "ልምምድ ነው" አለኝ።

የሞተው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ፀሐይ ነበረች። ደመና የሚባል አልነበረም። መብራት ነበረ፤ ከዋዜማው ጀምሮ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ማሽኑ ይሠራል፣ ሲሊንደሩ ሙሉ ነው፣ ገመዱ ደህና ነው። ጥፍሩን እየቆረጥኩለት ነበር። "አንቺ ስትቆርጪ ከነሥጋው ነው" አለኝ። ዝም በል አልኩት፤ ዝም አለ። የሌላኛውን እጁን ስይዝ ነው ያወቅሁት።

ማንን እንደምሰድብ አጣሁ። በመስኮት ብቅ ብዬ መብራት መሥሪያ ቤቱን ልራገም ብል አምፖሉ በርቷል። ዝናቡን ልራገም ብል ሰማዩ ጥርት ብሏል። ባለ ዳቦ ቤቱ ድምፄን ሰምቶ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ኮፍያውን አወለቀ። እሱን እንኳ መሳደብ አቃተኝ።

ቀበርነው። ሰው በዛ፤ ያን ሁሉ ሰው በዝናብ አስደብድቦ! ከሬዲዮ ጣቢያው አንድ ሱፍ የለበሰ መጥቶ "አገር የማይረሳው ወርቃማ ድምፅ" ምናምን እያለ ሲያስረዝም ትዕግሥቴ አለቀና "ትንበያው ግን አንድም ቀን መትቶ አያውቅም" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሕዝቡ ሳቀ። መቃብር ላይ፣ ሁሉም፣ ሊቀ መንበሩ ሳይቀር ሳቀ። እኔ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ሰሚኝ። ትኬትሽን እንዳትመልሺ። ሳልደርስለት ቀረሁ እያልሽ ከሩቅ ሆነሽ እንዳታለቅሺ፤ ይቅርታሽን ለኩባንያው ስትቸረችሪ ኖረሻል፣ እኔ አልገዛሽም። ማሽኑን ለሚፈልግ በሽተኛ ሰጥቼዋለሁ። ከታች ያለው ቤቴ ደርቋል፣ ግን አልወረድኩም፤ ወርጄ ማንን ወደ ላይ ልሰማ ነው? የአባትሽን አልጋ አንጥፌዋለሁ፣ የእኔ በበሩ በኩል ነው።

ብትመጪ ደስ ይለኛል አልልሽም፤ እንደዚያ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ብቻ ከሰኞ ወዲህ የሚመልስልኝ ሰው የለም። ጠዋት ተነስቼ አንድ ነገር እናገራለሁ፣ ቃሉ ግድግዳ መትቶ እዚያው ይወድቃል። አንቺ የእሱ ልጅ ነሽ፤ መልስ አታጪም። ነይ። የምንጣላበት አናጣም።

አክስትሽ